የሩሲያኛ እቁብ

ሀዋሳ ውስጥ ሩሲያኛ የሚችል ሰው ማን ነው ብላችሁ መናኸሪያ አካባቢ ብትጠይቁ፣ ጥያቄውን ሳትጨርሱ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ሱቅ ይቀሰራል። ደምሴ ፎቶኮፒ። በዚህ ከተማ ሁለት ገጽ በአንድ ገጽ አሳንሶ ማተምን ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ሕዝቡ ወረቀት እንደ ጉድ ይፈጅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግማሹ የተመረቀው በእኔ ማሽን ነው። ሌላው ግማሽ ባይመረቅም በእኔ ማሽን ሞክሯል።

ሩሲያኛዬ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ቭላዲሚር ከሚባል ሩሲያዊ መካኒክ ጋር አስራ አንድ ወር ሠርቻለሁ። ትራክተር ፈትተን የምንገጥመው በሩሲያኛ ነበር። ይህን ታሪክ ሠላሳ አምስት ዓመት አውርቼዋለሁ፤ በየዓመቱም ትንሽ ትንሽ ያድጋል። ሰሞኑን ደርሶ ቭላዲሚር በደብዳቤ ሊያማክረኝ ጀምሮ ነበር። ማንንም አልጎዳም። ሀዋሳ ውስጥ በሩሲያኛ ምን የሚያስጨንቅ ነገር ይመጣል ብዬ ነው።

መጣ። ኩማ መጣ።

ኩማ የጎረቤቴ የእትዬ ታቢታ ታላቅ ወንድም ነው። እትዬ ታቢታ ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ነው የምትኖረው፤ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ንብረት ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ የጎደለች መርፌ ከሌላ ክፍለ ከተማ የምትሸታት ሴት ናት። ወንድሟ በሰባ ስምንት ዓ.ም. ከቱላ ተነስቶ የውሃ ምህንድስና ሊማር ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ የሚባል ከተማ ሄደ። አምስት ዓመት ተብሎ የሄደ ሰው ሠላሳ ሰባት ዓመት ቀረ። እዚያው ሉድሚላ የምትባል አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። ደብዳቤው መጀመሪያ በወር፣ ከዚያ በዓመት፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። እናታቸው ቱላ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ እየጠበቀችው ሞተች። ከዚያ ሉድሚላም ሞተችና፣ ኩማ አንድ ቀን ሁለት ሻንጣ ይዞ የእህቱን በር አንኳኳ።

አማርኛው የድሮ ሬዲዮ ዜና ይመስል ነበር። ባጃጅ ሲሳፈር «ጓድ፣ ወደ ሐይቁ ታደርሰኛለህ ወይ?» ይላል። አራት ወር ሐይቁ ዳር እየተቀመጠ፣ ዓሣ አጥማጆቹን ስለ ውሃ ጥልቀት ሲያስተምር ከረመ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ።

ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት አንደበቱ ሲከፈት የወጣው ሩሲያኛ ብቻ ሆነ። አማርኛው የለም። ከእናቱ የጠባው ሲዳምኛም የለም። እህቱ በሁለቱም ቋንቋ ብትለምነው፣ የውጭ አገር ሰው እንደሚያይ ያያታል። ወጣቱ ሐኪም «እንዲህ ያጋጥማል፤ አንዱ ቋንቋ ተወስዶ ሌላው ይተርፋል» ብሎ አስረዳት። እሷም ከሐኪሙ ቢሮ ወጥታ ቀጥታ እኔ ሱቅ መጣች።

«ደምሴ፣» አለችኝ፣ ተማሪዎቹን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ «እግዚአብሔር አንተን ያስቀመጠህ ለካ ለዚህ ቀን ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ማሽኑን አጥፍቼ ተከተልኳት። ምን ላድርግ?

ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ተጋድማለች። ትራሱ ሥር የኩማና የሉድሚላ ፎቶና አንድ ፖስታ አለ። ኩማ ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው እንደመጣ ገባው መሰለኝ፣ በደህናው እጁ እጄን ያዘና አንድ ነገር አለኝ። እንዲህ ነበር፦

«አትቬዚ ሜንያ ቭ ቮሮኔዥ። ሉዳ ታም አድና።»

ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚህ ሁሉ የገባኝ ቮሮኔዥና ሉዳ ነው። ሉዳ ሉድሚላን ሲያቆላምጥ ነው። እነሱንማ እህቱም ታውቃቸዋለች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

ዓይኗን አየሁት። ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠበቀ ዓይን ነው። እጄ ደግሞ በኩማ እጅ ተይዟል። አልችልም ልል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መናኸሪያ ሙሉውን፣ ቭላዲሚርን፣ ሠላሳ አምስት ዓመቱን አሰብኩና ሌላ ነገር ወጣኝ።

«‹ቮሮኔዥ እንዲህ አልደላኝም፤ ሉዳ እንኳ እንዲህ አልያዘችኝም› ነው የሚለው፣ እትዬ ታቢታ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ፈገግ ብላ የወንድሟን እጅ ሳመች። «አሜን፣ ወንድሜ፣ አሜን» አለችው። ኩማ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምነው ዞረ?»

«አመስግኖ አፍሮ ነው። ሩሲያ የኖረ ሰው እንደዚያ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ፀሐይዋ በዚያ መስኮት በገባች ቁጥር፣ ኩማ ያንኑ ይላል። እህቱም ፈገግ ብላ እጁን ትስማለች። እሱም ወደ ግድግዳው ይዞራል። እትዬ ታቢታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ መሰከረች፤ «ወንድሜ ከነጮች አገር ይልቅ የእህቴ ቤት ይሻለኛል ይላል» ብላ። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔንም በስም ጠራችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጭብጨባውን አስር ሺህ ሰው አደርገው ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ፣ መልስ ልስጠው ስትል ነው።

«እሱ ሁሌ በራሱ አፍ እያመሰገነኝ እኔ እንደ ዲዳ ፈገግ እላለሁ። አስተምረኝ» አለችኝ።

«እትዬ ታቢታ፣ ሩሲያኛ እኮ እንደዚህ በአንድ...»

«እኔ ለሱ ስል ቻይንኛም እማራለሁ። ደሞ ጊዜ የለም ብለህ ታስቸግረኝና።»

ሩታ እዚያው ቆማ ነበር። ሩታ እትዬ ታቢታ ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሩሲያ ለሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል ልትወዳደር ስለምትፈልግ ፊደሉን በስልኳ ጀምራለች። «እኔም እገባለሁ» አለች። ኩማን ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሰው ባለባጃጁ ሳምሶን ደግሞ «ጋሼ፣ እኔም አለሁበት፤ መንገድ ላይ ሲያወራኝ ዝም ማለት ሰለቸኝ» አለ።

«ለምን ስልኩ አይተረጉምልንም?» አለች ሩታ። ሞከረች። የኩማ ምላስ ከስትሮኩ ወዲህ ይጎተታል፤ ስልኩ አዳመጠና «የድንች ዋጋ ረጅም ነው» ብሎ ተረጎመ። ሳምሶን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔ በልቤ ስልኩን ባረክሁት። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሩሲያ የተማሩ መምህር የሉም?» ስትል ደግሞ «ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ አሉ» አልኩ። ይህን ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ ያልኩት።

እንግዲህ ማስተማር ግዴታ ሆነ። የማላውቀውን ለማስተማር የሚያስችል ዘዴ በአንድ ሌሊት ፈጠርኩ፤ ይህ በትምህርት ሚኒስቴር ደረጃ ሊታይ የሚገባው ዘዴ ነው። የቃል እቁብ። አራታችንም በየሳምንቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በኩማ አልጋ ዙሪያ እንሰበሰባለን። እያንዳንዳችን ሰባት ሰባት ቃል እንጥላለን፤ ከኩማ አፍ የሰማነውን፣ ትርጉሙን ሳናውቅ፣ በራሳችን ፊደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈን። ከዚያ የአባላቱ ስም ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ እጣ ይወጣል። እጣ የወጣለት ሃያ ስምንቱንም ቃል ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ሳምንቱን ከመዝገበ ቃላት ሲፈልግ ይከርምና በሚቀጥለው እሑድ ለሁላችንም ያስተምራል። ዳኛው እኔ። እጣ የማወጣውም እኔ።

«መምህሩስ?» አለ ሳምሶን በአገጩ ወደ ኩማ እያመለከተ። «የሱም ስም ይግባ እንጂ። በነፃ ሊያገለግል ነው?»

እኛ አራታችን ተራ እየደጋገምን እንዞራለን፤ የኩማ እጣ ግን የመጨረሻዋ ትሁን ተባባልን። በእሱ ተራ የለቀምነውን ሁሉ እናነብለታለን፣ እሱ ያርመናል።

ሠላሳ ሦስቱን የሩሲያኛ ፊደል በትልቅ ወረቀት አትሜ አልጋው ትይዩ ለጠፍኩ። መዝገበ ቃላት ከኢንተርኔት አውርጄ አተምኩ፤ አንዱን ቅጂ ፎቶኮፒ ማሽኑ ሥር ደብቄ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እንደ ተፈታኝ ተማሪ ሸመደድኩ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ። ልጆቹ ካሉበት አንድ ቀን ቀድሜ መገኘት ነበር ሥራዬ።

እነዚያ ሳምንታት የኩማ ጥሩ ቀናት ነበሩ። ሩታ ማንኪያ ታነሳለች፤ «ሎዥካ» ይላል። መስኮቱን ትጠቁማለች፤ «አክኖ»። ሳምሶን የገዛ ጫማውን ሲያሳየው «ባቲንኪ» አለና፣ ቀዳዳውን አይቶ ሌላ ረዘም ያለ ነገር ጨመረ። ትርጉሙ ባይገባንም ስድብ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ሳምሶን «ጋሽ ኩማ፣ ባጃጅ ላይ ሲሆኑ ግን እንዲህ አይደፍሩኝም» አለው። ኩማ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ስንሳሳት ግራ ጣቱን እንደ መምህር ያወዛውዛል። እትዬ ታቢታ በስድሳ ዓመቷ ደብተር ገዝታ፣ ፊደሉን እንደ ጥልፍ ቀስ አድርጋ ትስለዋለች።

አስር ሰዓት ሲሆን ግን ያቺን ይላታል። አትቬዚ። አድና። ከዚያ ወደ ግድግዳው።

በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ ብጣሾቹን ስሰበስብ፣ ከሳምሶን ወረቀቶች አንዷ ላይ «አትቬዚ» የሚል አየሁ። ከሩታ ደግሞ «አድና»።

«ይቺ ሁሌ የሚላት ናት፣» አለች ሩታ፣ «ጋሼ እርስዎማ ያውቋታል።»

«እንዴታ» አልኩ።

የዚያን ቀን ስሜ የተጻፈበትን ወረቀት ጥጉን በምራቄ አርጥቤ አጠፍኩት፤ እጄ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ፈልጎ አገኘው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብልሃቴ አንድ ወር እስቅ ነበር። እጣው ለእኔ ወጣ። ሃያ ስምንቱን ቃል ይዤ ሱቅ ገባሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግሁ፣ መዝገበ ቃላቱን ከማሽኑ ሥር አወጣሁ።

አትቬዚ፦ ወስደህ አድርሰኝ። ታም፦ እዚያ። አድና፦ ብቻዋን።

ወደ ቮሮኔዥ ውሰደኝ። ሉዳ እዚያ ብቻዋን ናት።

አንድ ተማሪ በሩን ገፍቶ «ጋሼ፣ ይህን ሦስት ኮፒ» አለኝ። ሰላሳ ኮፒ አደረግሁለት። ገንዘቡን አልተቀበልኩትም።

ያኔ ሄጄ መናገር እችል ነበር። አሥር እርምጃ ነው፤ በሱቁ ጓሮ በር። አልሄድኩም። ሁለቱን ብጣሾች አጣጥፌ መታወቂያዬ ጀርባ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሚቀጥለው እሑድ ሃያ ስድስት ቃል አስተማርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩት፤ ሩታ እንኳ አጨበጨበችልኝ። እትዬ ታቢታ ግን ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች።

አስር ሰዓት ሆነ። ኩማ ተናገረ። እትዬ ታቢታ ለዚህ ቀን ተዘጋጅታ ኖሯል፤ ቀሚሷን አስተካክላ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ‹ደስ ብሎኛል›ን በሩሲያኛ ምን እንደሚሉት ቀደም ብዬ አስተምሬያታለሁ።

«ያ ራዳ፣ ኩማ» አለችው። «ያ ራዳ።»

ሉዳ እዚያ ብቻዋን ናት አላት። ደስ ብሎኛል አለችው።

ሳምሶንና ሩታ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ነው ያጨበጨበው። ኩማ ወደ ግድግዳው አልዞረም በዚያ ቀን። እህቱን ዝም ብሎ አያት፤ አፉ ትንሽ ተከፍቶ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ማንኪያ ቢያሳዩት አይናገርም። መስኮት አይልም። ምግብ ሲያቀርቡለት ጥርሱን ይገጥማል። ፊዚዮቴራፒ አልሄድም አለ፤ ሳምሶን አቅፎ ሊያነሳው ሲሞክር እንደ ግንድ ከበደው። ያቺን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ተወ። ሁለት እሑድ እንደዚህ አለፈ። እኔ በየመሃሉ ኩማ ጋ ብቻዬን እገባና፣ በመዝገበ ቃላት የፈለግኋትን አንዲት ቃል፣ «ይቅርታ» የምትለውን፣ ልነግረው እሞክራለሁ። ያደምጠኛል። አይመልስልኝም።

በሦስተኛው እሑድ ብጣሾቹን ሰብስቤ ብርጭቆውን ሳነሳ እትዬ ታቢታ እጇን ብርጭቆው አፍ ላይ አደረገች።

«እጣ አይወጣም» አለች። «እጣው ይለቀቅልኝ።»

እቁብ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ሞት የደረሰበት፣ በሽተኛ የያዘ፣ የቸገረው አባል ተራውን ሳይጠብቅ እጣው ይለቀቅልኝ ካለ ይለቀቅለታል። ዳኛው እንቢ አይልም። እንቢ ያለ ዳኛ ሀዋሳ ውስጥ ሁለተኛ እቁብ አይሰበስብም።

«ወንድሜ እየሄደ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ይለቀቅላት» አለ ሳምሶን። ሩታም ራሷን ነቀነቀች።

«ይለቀቅልዎ» አልኩ።

«የዛሬውን ብቻ አይደለም። ባለፈው ያንተ እጣ ጊዜ ሃያ ስምንት ቃል ነው የተጣለው። ያስተማርከው ሃያ ስድስት ነው። ሁለቱን አምጣ።»

ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል። እንዴት ረሳሁት?

«ምናልባት ወድቀው...»

«ደምሴ።»

ቦርሳዬን አወጣሁ። መታወቂያዬን አወጣሁ። ሁለቱ ብጣሾች በመታጠፋቸው ጠርዛቸው ተበልቶ ነበር። መዳፏ ላይ አስቀመጥኳቸው። መነጽሯን አድርጋ አነበበቻቸው። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እየጠበቅናት፣ ፊደል በፊደል ፈለገች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ማንም ልርዳዎ አላለም። ሩታ ቀድሞ ገብቷት ኖሮ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

እትዬ ታቢታ ደብተሯ ላይ አምስት ቃል ጎን ለጎን ጻፈች፤ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከአንድ ወር... ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው።»

«ከዚያ በፊት ያልከኝስ?»

«ፈጥሬው ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ቭላዲሚርስ?»

«እሱ አለ። ግን አስራ አንድ ቀን ነው አብሬው የነበርኩ። መፍቻ ሳቀብለው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የኩማን እጅ አየች፣ ያን ስትስመው የከረመችውን።

«አምስት ወር» አለች። «አምስት ወር ሙሉ እሱ ሐዘኑን ሲነግረኝ እኔ ፈገግ ስልበት። እሱ ሚስቴ ብቻዋን ናት ሲለኝ እኔ ደስ አለኝ ስለው። ምን ዓይነት እህት ናት ብሎ ይሆን?»

ሳምሶን አንገቱን ደፋ።

«መውሰድ አይቻልም አይደል?» አለች ሩታን። ሩታ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ኩማ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዛወር እንኳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብሏል። ቮሮኔዥ ደግሞ ስንት ባሕርና ስንት ድንበር አልፎ ነው። እንኳን ቮሮኔዥ፣ ቱላ እናቱ ቤት መውሰድም አልተቻለም።

«ነገን በሩሲያኛ ምን ይሉታል?» አለችኝ እትዬ ታቢታ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ይቺን በእውነት አውቃታለሁ። በነዚያ አስራ አንድ ቀናት፣ የእርሻው ኃላፊ ትራክተሩ መቼ ይነሳል ብሎ በጠየቀ ቁጥር ቭላዲሚር የሚመልሳት እሷን ብቻ ነበር።

«ዛቭትራ።»

ጎንበስ አለችና ወደ ኩማ ጆሮ ተጠጋች። ደብተሯ ላይ የጻፈችውን እየተመለከተች፣ የራሱን ቃላት ቀስ አድርጋ መለሰችለት፦ አትቬዚ፣ ቮሮኔዥ፣ ሉዳ፣ ታም፣ አድና። አንድ በአንድ፣ እንደሰማችው እንዲያውቅ። ከዚያ፦

«ዛቭትራ፣ ኩማ። ዛቭትራ።»

ኩማ ዓይኑን ገለጠ።

«ዛቭትራ?» አለ።

«ዛቭትራ።»

ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ጉንጯን ነካት። በዚያ ቤት ይህን ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሾርባ ጠጣ።

ጓሮ በር ድረስ ስትሸኘኝ «አሁን እኔም እንዳንተ ሆንኩ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ቀን ኖረ። አልጨመርኩም፤ ሃያ ሁለት ነው። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጠይቃታል፣ ሁልጊዜ ትመልስለታለች። በሁለተኛው ሳምንት «ባቲንኪ» አለ። ጫማዬን ማለቱ ነው፤ ሳምሶን በቀዳዳ ጫማው የተማራት ቃል። ከሻንጣው የክረምት ጫማውን አወጣችለት፤ ወፍራም፣ ከውስጥ ፀጉር ያለው፣ ለሀዋሳ ሙቀት የማይሆን። አልጋው ላይ እንዳለ አደረገችለት፣ ክሩን አሰረችለት። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ታደርግለታለች፣ ሲመሽ ታወልቅለታለች። ለመንገድ የተዘጋጀ ሰው ሆኖ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል። ሳምሶን አንድ ቀን ይህን አይቶ ወጣና ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፤ ሦስት ተሳፋሪ መጥቶ ተመለሰ።

ኩማ የሞተው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጫማውን እንዳደረገ።

ቱላ፣ እናቱ አጠገብ ቀበርነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ በሕዝቡ መሃል «አቶ ደምሴ፣ ቋንቋውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ የወንድማችን የመጨረሻ ቃል ምን ነበር?» አሉኝ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። እሺ፣ ሰባ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ያለ ዝምታ ስመኝ ኖሬያለሁ።

«እህቱን ይጠይቋት» አልኩ። «እኔ አላውቅም። ከእሷ የተማርኩት ይበልጣል።»

ሰው ሁሉ ትሕትና መስሎት አደነቀኝ። እትዬ ታቢታ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

እቁብ ግን እጣ ያልወሰደ አባል እያለ አይፈርስም። አባል ሲሞት እጣው ለቤተሰቡ ይሰጣል። የኩማ እጣ አልወጣችም ነበር። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ በመጣው እሑድ አራታችን ባዶው አልጋ ዙሪያ ተሰበሰብን፤ ፊደሎቹ ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። እጣ አላወጣንም። የለቀምነውን ብጣሽ ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፍን፣ የስንት ወር ቃል።

«በዚህ ምን ይደረጋል?» አለ ሳምሶን።

እትዬ ታቢታ ከትራሱ ሥር የነበረውን ፖስታ አወጣች። ሉድሚላ በሞተች ሰሞን ጎረቤታቸው ቫለንቲና የላከችው ነው፤ ውስጡ የመቃብሩ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ አድራሻ አለ። «ለሱ ልንልክለት ነው» አለች።

ሩታ በስልኳ ልጻፍ ብትላት እንቢ አለች። የኩማ እጣ በኩማ ቃል ነው መጻፍ ያለበት ብላ፣ ከአልጋው ላይ ብጣሾቹን እየመረጠች ደረደረች። የጎደሉንን ጥቂት ቃላት ከመዝገበ ቃላቱ አገኘን፤ ሩታ አገጣጠሟን አየችላት። ከዚያ እትዬ ታቢታ በጥልፍ እጇ፣ በሩሲያኛ ፊደል ጻፈች። ለሰው የምነግረው አርባ ገጽ ነበር ብዬ ነው፤ ለእናንተ ግን፣ አራት መስመር ነው፦

ቫለንቲና፣ ኩማ ሞተ።
እናቱ አጠገብ ተኝቷል።
ሉዳ እዚያ ብቻዋን ናት።
እባክሽ ሂጂላት።

«አድና» የሚለውን የገለበጠችው ከእኔ ቦርሳ ከወጣው ብጣሽ ነው። ጠርዙ ከዚያ ወዲህ ይብስ ስለተበላ የመጨረሻዋን ፊደል ማየት አልቻለችም። ነገርኳት።

ደብዳቤው የተላከው መልሱ በእኔ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንዲመጣ ተብሎ ነው። ይኸው ስድስት ወር ሆነው። ሩታ ለትምህርት ዕድሉ ተወዳድራ ውጤት ትጠብቃለች። ሳምሶን ባጃጁ ኋላ ላይ በሩሲያኛ ፊደል ስሙን አጽፏል። እትዬ ታቢታ በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን በጓሮ በር ትመጣለች፣ የተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«መጣ?»

«ዛቭትራ፣ እትዬ ታቢታ።»

«ውሸታም» ትለኛለች። ትቀመጣለች ግን። ፀሐይዋ ከደጃፌ እስክትነሳ አትሄድም።